መላ የሚበጀው በሚያውቅ እጅ ነው

በጅማ ለቴክኒክና ሙያ ሠልጣኞችና ለወላጆቻቸው ከተደረገ ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ

እንደምን ዋላችሁ። አባቶች፣ እናቶች፣ ወጣቶች፣ በዚህ ዝናብ ጭቃውን ረግጣችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

እንድናገር የተጠየቅኩት ስለ መላ ነው። በኑሮም በሥራም፣ ባለው ነገር ሥራን ስለ መወጣት። ይህ ነገር ሲነሳ ሁላችንም አፍ ላይ ቶሎ የሚመጣ አንድ ተረት አለ። "ችግር በቅቤ ያስበላል" እንላለን። ወጥ የጠፋበት ሰው ለክፉ ቀን ያስቀመጠውን ቅቤ ያወጣል። ተረቱን እወደዋለሁ። ግን አንድ ነገር ልጨምርበት። ቅቤውን የሚበላው፣ ቅቤ ቤቱ ውስጥ እንዳለ የሚያውቅ ሰው ነው። የት እንደተቀመጠ፣ ምን ያህል እንደቀረ፣ እንዳልተበላሸ የሚያውቅ። ችግሩ ወደ ጓዳ ገፋው እንጂ ቅቤውን አልፈጠረለትም።

ዛሬ የምለው ይኸው ነው። ችግር ብቻውን መላ አይወልድም። ቢወልድ ኖሮ የቸገረው ሁሉ ባለ ብልሃት በሆነ ነበር። መላ የሚመጣው የያዙትን ዕቃ፣ የሚሠሩበትን ቦታ፣ አጠገብ ያለውን ሰው ጠንቅቆ ከማወቅ ነው። ይህን ካላመንን "መላ ፍጠሩ" እያልን ልጆቻችንን ባዶ እጃቸውን እንልካቸዋለን። እኔ ደግሞ ይህ በጣም ያሳስበኛል።

የጅማ ሰዎች ነንና ከቡና ልጀምር።

በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1971 (ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ሲቢዲ የሚባለው የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ውስጥ ታየ። ኬንያ ላይ ከታወቀ ቆይቷል፤ እዚያ የታየው በ1922 ነው። ከፈንገስ የሚመጣ በሽታ ነው። የሚጎዳው ፍሬውን ነው፤ ያውም ገና አረንጓዴ እያለ። መጀመሪያ ፍሬው ላይ ትንሽ፣ ጠቆር ያለች፣ ጎድጎድ ያለች ነጥብ ትወጣለች። ነጥቧ ትሰፋለች። ከዚያ ፍሬው ይጠቁርና ወይ ይረግፋል፣ ወይ ደርቆ ቅርንጫፉ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ዝናብና ቅዝቃዜ ይስማማዋል። ስለዚህ ከፍ ባለው የቡና መሬት ላይ ይበረታል። ገበሬው ዓመቱን ሙሉ የጠበቀው ቡና ዓይኑ እያየ መሬት ላይ ይፈሳል።

አንደኛው መንገድ መድኃኒት መርጨት ነበር። መድኃኒቱ ከውጭ ይገዛል። ውድ ነው። ዝናብ ያጥበዋል፤ ስለዚህ ደጋግሞ መርጨት ይፈልጋል። ጓሮው ውስጥ ሁለት መቶ እግር ቡና ያለው አባወራ ይህን ከየት ያመጣዋል?

እዚሁ ከከተማችን ወጣ ብሎ፣ መልኮ ያለው የምርምር ማዕከል ባለሙያዎች ሌላ መንገድም ያዙ። አስተውሉ። የኛ ቡና ከሌላ አገር መጥቶ የተተከለ አይደለም። የአረቢካ ቡና ቤቱ ይህ የደቡብ ምዕራብ ጫካ ነው። ቡና ሌላ አገር ሲሄድ ጥቂት ዘር ብቻ ነው የሄደው፤ ስለዚህ እዚያ ያለው ቡና እርስ በርሱ በጣም ይመሳሰላል። እዚህ ግን አንዱ እግር ከሌላው ይለያል። አንዱ ሰፊ ቅጠል፣ አንዱ ቀጭን። አንዱ ቀድሞ ይቀላል፣ ሌላው ይዘገያል። እንዲህ የሚለያይ ከሆነ፣ በሽታው የማይደፍረው ዛፍም መሃሉ ላይ መኖር አለበት። ሐሳቡ ይህ ነው።

ስለዚህ በሽታው ወደ በረታበት ቦታ ሄዱ። በሽታ የሌለበት ቦታ ያለ ጤነኛ ዛፍ ምንም አይነግርህም፤ አልተፈተነማ። እነሱ የፈለጉት ዙሪያው ሁሉ ጠቁሮ ሳለ ፍሬውን ተሸክሞ የቆመውን ነው። እንዲህ ያለውን ዛፍ ሲያገኙ ዘሩን ወሰዱ። ችግኝ አፈሉ። ሆን ብለው በሽታውን አስነኩት። የተሸነፈውን ጣሉ፣ የቻለውን ያዙ። 74110 እና 74112 የሚባሉትን ዝርያዎች የማታውቁ ቡና አምራቾች እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያላችሁ አይመስለኝም። እናት ዛፎቻቸው የተመረጡት ከመቱ አካባቢ፣ ቢሻሪ ከሚባል ስፍራ ነው። ከፊት ያለው 74 የተመረጡበትን ዓመት ይናገራል፤ 1974። በሽታው ከገባ አሥር ዓመት ሳይሞላ ዘሩ ለገበሬው መውጣት ጀመረ።

ይህን ታሪክ የመረጥኩት ስለምንኮራበት ብቻ አይደለም። ብዙ ሰው መላን "ከምንም ተነስቶ መሥራት" አድርጎ ያየዋል። እነዚህ ሰዎች ከምንም አልተነሱም። በሽታው ፍሬውን በየትኛው ዕድሜው እንደሚይዝ ያውቁ ነበር። መመርመሪያ ነበራቸው፣ ችግኝ ጣቢያ ነበራቸው፣ ለብዙ ዓመት የሚከፈል ደመወዝ ነበራቸው። መልሱ በእርግጥ ጫካው ውስጥ ቆሞ ነበር። ግን ያላወቀ ሰው መቶ ጊዜ በአጠገቡ ያልፋል።

እንዶድም እንደዚያው ነው። እናቶቻችን በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ስንት ዘመን ሆናቸው? በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ወረድ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ውሃው ላይ ተንሳፍፈው አየ። ቢልሃርዝያን የሚያሻግረው ቀንድ አውጣ መሆኑን ያውቃል። ስለዚህ ቆም አለ፤ የገደላቸው እንዶዱ ነበር። ከዚያች አንዲት ቀን ዓመታት የፈጀ ምርምር ወጣ። በ1989 ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉበት። ሳሙናው ያው የእናቶቻችን ሳሙና ነው።

አሁን ወደናንተ ሥራ ልምጣ። መናኸሪያው አካባቢ ካሉት የባጃጅ ጋራዦች አንዱ ጋ ቁጭ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ እቀመጣለሁ። ሠልጣኞቼንም እልካለሁ።

አንድ ሹፌር ባጃጁን እየገፋ መጣ። ሞተሩ ዘይት ያንጠባጥባል። ልጁ ፊቱ ጠቁሯል።

"ጋሼ፣ አለቀለት አይደል?" አለ።

"ቆይ እስቲ፣ መጀመሪያ እንየው" አሉት መካኒኩ።

ካቻቢቴ አላነሱም። ጨርቅ ነው ያነሱት። ሞተሩን ከላይ እስከ ታች ጠርገው አደረቁት። ከዚያ "አስነሳው" አሉና ቁጢጥ ብለው ማየት ጀመሩ። ዘይት ወደ ታች ስለሚወርድ የሚንጠባጠብበት ቦታና የሚወጣበት ቦታ አንድ አይደለም። ያልጠረገ ሰው የተሳሳተ ቦታ ይፈታል። ጥቂት ቆይቶ ከፍሪሲዮኑ ክዳን ጠርዝ ላይ ቀጭን መስመር ታየች። በክዳኑና በሞተሩ መሃል ገብቶ ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው ጓርኒሲዮን ተበልቷል።

ዕቃው ያን ቀን ከተማው ውስጥ አልተገኘም። ከአዲስ አበባ ይምጣ ቢባል ደግሞ የሁለት ሦስት ቀን የዕለት ገቢ ይቀራል። ጋሼ የጓርኒሲዮን ወረቀት አወጡ። ክዳኑን ፈተው አጸዱትና ወረቀቱን በላዩ ዘረጉት። ከዚያ በትንሽ መዶሻ የክዳኑን ጠርዝ ተከትለው ቀስ እያሉ መታ መታ አደረጉት። መቀስ አልነኩም። ወረቀቱን የቆረጠው የብረቱ የራሱ ጠርዝ ነው። የቡሎኖቹን ቀዳዳ እንዲሁ አወጡ። ሲጨርሱ ወረቀቱ ከክዳኑ ጋር ልክክ አለ። ዘይት ቀባ አድርገው ገጠሙት። ቡሎኖቹን ደግሞ በተርታ አላጠበቋቸውም። አንዱን ትንሽ፣ ከፊት ለፊቱ ያለውን ትንሽ፣ በመስቀልኛ እየዞሩ። አንዱ ወገን ቀድሞ ከጠበቀ ክዳኑ ይጣመማል፣ ዘይቱም መልሶ ይወጣል።

ልጁ ደስ ብሎት፣ "ጋሼ፣ በፊት የሞተሩ አናት፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ሲሄድ እንዲህ ብትሠሩልኝ ኖሮ ስንት ብር ይተርፈኝ ነበር" አላቸው።

"እሱን ወረቀት አይችለውም። እዚያ ያለው እሳት ነው። ዛሬ ሠርቼልህ ነገ መንገድ ላይ ላስቀርህ?" አሉት።

ከሁሉም በላይ የወደድኩት ይህን መልስ ነው። ያው ሰው፣ ያው ወረቀት፣ ያው መዶሻ። አንዱ ጋ አዎ አሉ፣ ሌላው ጋ እምቢ። የፍሪሲዮኑ ክዳን የሚይዘው ዘይት ነው፤ ግፊቱም ሙቀቱም አነስ ያለ ነው። የቴስታታው ጓርኒሲዮን ግን ቃጠሎውን የሚያፍን ነው። ልዩነቱን ያወቀ ሰው ነው ባለ መላ የሚባለው። ያላወቀው ይለጣጥፋል።

እዚህ ላይ ቆየት ብዬ መናገር እፈልጋለሁ። ምክንያቱም በመላ ስም የሚሠራ መጥፎ ነገር አለ። ቤታችሁ ፊውዝ ሲቃጠል ምን ታደርጋላችሁ? ብዙ ቤት ውስጥ የሚደረገውን አውቃለሁ። ከኤሌክትሪክ ገመድ አንድ ሁለት ዘለላ የመዳብ ሽቦ ይመዘዝና በፊውዙ ቦታ ይጠመጠማል። መብራቱ ይመጣል። ሁሉም "ጎበዝ" ይላል።

ፊውዝ የተሠራው እንዲቃጠል ነው። መስመሩ ከአቅሙ በላይ ሲጫን ከግድግዳችሁ በፊት፣ ከጣሪያችሁ በፊት እሱ ተቃጥሎ መስመሩን እንዲቆርጥ። ወፍራም ሽቦ ስታስገቡበት እምቢ ማለት ያቆማል። ከዚያ በኋላ የሚሞቀው ግድግዳው ውስጥ ያለው ገመድ ነው። ፊውዙን በሽቦ የተካው ልጅ ሰነፍ አይደለም። እጁ ፈጣን ነው፣ ልቡም ቅን ነው። የጎደለው ያ ዕቃ ለምን እዚያ እንደተቀመጠ ማወቅ ብቻ ነው። ስለዚህ ልጆች፣ አንድን ነገር በሌላ ከመተካታችሁ በፊት የመጀመሪያው ምን ይሠራ እንደነበር ጠይቁ። ፍሬን ላይ፣ መብራት ላይ፣ መድኃኒት ላይ መልሱን ካላወቃችሁ እጃችሁን አንሱ። እጅ ማንሳትም ሙያ ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ እጥረት አንዳንድ ጊዜ ከተለመደው የተሻለ ነገር ያሳያል። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን በእናት ደረት ላይ፣ ቆዳ ለቆዳ አድርጎ ማቆየት አሁን በኛም አገር ሆስፒታሎች ይሠራበታል። የካንጋሮ እናት እንክብካቤ ይሉታል። የተጀመረው በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ ነው። ዶክተር ኤድጋር ሬይ ይሠራበት የነበረው ሆስፒታል የሕፃናት ማሞቂያ ሣጥን አጥሮት ነበር። ሕፃናቱ ይደራረባሉ፣ ኢንፌክሽን ይተላለፋል። የእናት ገላ ደግሞ አለ፣ ሙቀቱም የተመጠነ ነው፣ ጡቱም እዚያው ነው። ለእጥረት የተፈለገው ዘዴ በኋላ ሲጠና በራሱ ጥሩ ሕክምና ሆኖ ተገኘ። ዛሬ ማሞቂያ ያላቸው አገሮችም ይጠቀሙበታል። ይህን ያሰበው ግን ሙቀት፣ ንጽሕናና ጡት ለሕፃኑ ምን እንደሚያደርጉለት ያወቀ ሐኪም ነው።

የኛን የጅማ በርጩማ እዩት እስቲ። ከአንድ ግንድ ተጠርቦ የሚወጣው፣ ሦስት እግር ያለው። ሚስማር የለበትም፣ ማጣበቂያ የለበትም። ለምን ሦስት እግር? አራት እግር ያለው ወንበር ወለሉ ሊሾ ካልሆነ ይነቃነቃል። ሦስት እግር ያለው ግን አፈር ወለል ላይም፣ ተዳፋት ላይም ረግጦ ይቆማል። ቀድሞ የጠረበው አባት የሚቀመጥበትን ወለል ያውቅ ነበር። እናንተ የእንጨት ሥራ ሠልጣኞች ካታሎግ ላይ ያለውን ሶፋ መሥራት ተማሩ፣ እሰየው። ይህንንም በእጃችሁ ጠርባችሁ ሳታዩት ግን አትመረቁ።

ስለ እናቶች ካላወራሁ ንግግሬ ጎዶሎ ነው። የእንሰት ጓሮ ያላት እናት ምን የምትጥለው አላት? ከግንዱ ቆጮ፣ ሲጨመቅ ቡላ፣ ከጭረቱ ቃጫ፣ ከቅጠሉ ዳቦ መጋገሪያ ኮባ፣ የቀረው ለከብት። የተፋቀውን ጉድጓድ ውስጥ አብላልታ ታቆያለች፤ ዝናብ ቢቀር፣ እህል ቢወደድ ቤቷ አይራብም። ይህን የሚያህል እውቀት ይዛ "እኔ ምን አውቃለሁ፣ አልተማርኩም" ስትል ስሰማ ያመኛል። እናንተ ልጆቿ መልሱን ንገሯት።

ከእሸት ቡና ማጠቢያ የሚወጣውን ቅርፊትና ቆሻሻ ውሃ ግን እስካሁን በደንብ አላወቅንበትም። ብዙ ቦታ ወንዝ ውስጥ ይለቀቃል። ውሃው ይጠቁራል፣ ይሸታል፣ ከብት አይጠጣውም። ያው ቅርፊት ከአፈርና ከእበት ጋር ተቀላቅሎ በደንብ ከበሰበሰ ማዳበሪያ ይሆናል። የደረቀው የጀንፈል ገለባ ደግሞ ተከስሎ፣ ተጠፍጥፎ ማገዶ ይሆናል። እንጉዳይም ያበቅላል። ጥሬ ዕቃው ደጃችን ላይ ተከምሯል። ከናንተ መሃል ማሽን የሚበይድ አለ፣ ሒሳብ የሚይዝ አለ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሥራ የለም የሚለኝ ወጣት ካለ መጀመሪያ ይህን አብረን እንየው።

ገንዘብስ? ትላላችሁ። ትክክል ነው። ብየዳ ማሽን በምኞት አይገዛም። ግን በዚህ ከተማ ገበያ ሱቅ የከፈቱ ስንት ሴቶች የመጀመሪያ ዕቃቸውን ያወረዱት በዕቁብ ነው። ጎጆ የቆመው በደቦ ነው። ድንኳኑ፣ ድስቱ፣ ወንበሩ የሚመጣው ከእድር ነው። ባለ መላ ሰው ሁሉንም ብቻውን የሚሠራ አይደለም። ማን ምን እንዳለው፣ ማን ምን እንደሚችል ያውቃል፤ ሳያፍር ይጠይቃል፣ ሲጠየቅም አይሰስትም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ኦሮምኛ፣ አማርኛ፣ ከፍኛ፣ ዳውሮኛ የሚናገር አለ። ከየቤታችሁ የመጣው እውቀት የተለያየ ነው። ተጠያየቁ።

አለቆችም መጥታችኋልና ለናንተም አንድ ነገር አለኝ። ስም አልጠራም። አንድ መሥሪያ ቤት ግቢ ውስጥ ቦኖ ይፈሳል። ሳምንታት ፈሰሰ። አንድ ሠራተኛ ከቤቱ ፒንሳና ጎሚኒ ይዞ መጥቶ አቆመው። የተሰጠው ምላሽ "ማን ፈቀደልህ?" የሚል ነበር። ያ ልጅ ሁለተኛ ፒንሳ ይዞ አይመጣም። ያዩት ባልደረቦቹም አይመጡም። ከዚያ በኋላ "ሠራተኞቻችን ተነሳሽነት የላቸውም" ብንል ውሸት ነው።

በየግቢው ጀርባ የተከመረውን ወንበርና ኮምፒውተርም እዩት። አንዱ ወንበር እግሩ ብቻ ነው የተሰበረው፣ ሌላው መቀመጫው ብቻ። ከሁለቱ አንድ ይወጣል። የንብረት ሕግ እንዳለ አውቃለሁ፤ ሕጉ መኖሩም ተገቢ ነው። ግን ሕጉ ንብረት ይወገድበት ዘንድ መንገድ አለው። ዝርዝሩን አዘጋጅቶ፣ ኮሚቴ ሰብስቦ ለሥልጠና ተቋማት ለማስተላለፍ የሚጣደፍ ሰው ያስፈልጋል። እነዚህ ልጆች የሚፈቱት፣ የሚገጥሙት ዕቃ አጥተው በሥዕል ይማራሉ።

ደግሞ አደራ፣ የኛን መላ በጀት ላለመስጠት ምክንያት አታድርጉት። በአንድ ክፍል ውስጥ ሰባ ልጅ ይዛ በቆርኪ ቁጥር የምታስተምር መምህርት አለች። አመስግኗት። መጽሐፉንም ስጧት። ቆርኪውን የሰበሰበችው መጽሐፉ ስላላስፈለጋት አይደለም።

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ ከመሄዴ በፊት አንድ የሥራ ነገር። የጋሼን ጋራዥ ነግሬያችኋለሁ። ጋሼ የሚያውቁት ነገር የትም አልተጻፈም። የቡና መፈልፈያ የሚጠግኑት ሰውዬም፣ ወፍጮ ቤት ያለው መካኒክም እንደዚያው። እነሱ ሲያርፉ እውቀቱ አብሮ ይሄዳል፣ ቀጣዩ ልጅ ከዜሮ ይጀምራል። የመልኮ ባለሙያዎች የትኛው ዛፍ ከየት እንደመጣ ባይመዘግቡ ኖሮ ዛሬ ያ ዘር በእጃችን ባልነበረ።

ስለዚህ በየወርክሾፑ አንድ ደብተር እንዲቀመጥ ተስማምተናል። የሚጻፈው ቀላል ነው። ምን ተበላሸ? ምክንያቱ ምን ነበር? ምን ተደረገለት? ከስንት ጊዜ በኋላ መልሶ ተበላሸ? ያልሠራው ሙከራ ሳይቀር ይጻፍ፤ እንዲያውም እሱ ነው የሚበልጠው። ባማርኛም በኦሮምኛም ጻፉ፣ ሥዕልም ሣሉ። ጋሼ ሐሙስ ከሰዓት ሊመጡ ቃል ገብተውልኛል። እሳቸው ሲያወሩ የሚጽፉ ሁለት፣ የሞተሩን ክፍሎች የሚሥል አንድ ልጅ እፈልጋለሁ። ፈቃደኛ የሆናችሁ ሻይ ላይ እንዳታመልጡኝ።

እሺ፣ ከኋላ እጅ ያወጣችሁት እናት፣ ይቀጥሉ።